ለልጆቻችን የትኛውን የሳይበር ደህንነት መጽሐፍ እንግዛላቸው?

አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጄ ባለፈው ክረምት «አባዬ፣ የሳይበር ደህንነት መማር እፈልጋለሁ፤ መጽሐፍ ግዛልኝ» አለኝ። ደስ ብሎኝ በፎቶ ኮፒ የተባዛ፣ ጡብ የሚያክል መጽሐፍ ገዛሁለት። ሁለት ቀን ሞክሮት ተወው። ለካ ስለ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጻፈ ኖሯል። ከገንዘቡ ይልቅ የከፋኝ የልጁ ጉጉት መቀዝቀዙ ነበር። ከዚያ ወዲህ እየጠየቅሁና እያነበብኩ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

ለጀማሪ ከሁሉም በፊት ጥሩ ታሪክ ይስጡት። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ክሊፎርድ ስቶል እ.ኤ.አ. በ1986 በሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ የኮምፒውተር ሒሳብ ላይ የጎደለች 75 ሳንቲም እንዲያጣራ ታዘዘ። ሳይንቃት ለወራት ተከታተለ። በመጨረሻም ምዕራብ ጀርመን ተቀምጦ የአሜሪካን ወታደራዊ ኮምፒውተሮች እየበረበረ መረጃ ለኬጂቢ የሚሸጥ ሰው ላይ ደረሰ። ይህን የተረከበት «ዘ ኩኩስ ኤግ» በ1989 ታተመ። ኮምፒውተሮቹ አርጅተዋል፤ ትንሿን ነገር አለመናቅ ግን ዛሬም የሙያው መሠረት ነው።

ሁለተኛው ለአያቶችም የሚሆን ነው። ኮምፒውተር ሰብሮ በመግባት አምስት ዓመት ገደማ የታሰረው ኬቨን ሚትኒክ በ2002 «ዘ አርት ኦፍ ዲሰፕሽን»ን ከዊሊያም ሳይመን ጋር ጻፈ። ብዙዎቹ ታሪኮች የሚጀምሩት በስልክና በጣፋጭ አንደበት ነው። ልጄ ማታ ማታ እየተረጎመ ለእናቴ ሲያነብላት «ይሄማ ያው ሌባ ነው፤ ባለፈው ከባንክ ነኝ ብሎ የደወለልኝ ዓይነት!» አለች። የሚስጥር ቁጥሯን ለማንም እንዳትናገር ከኔ ምክር ይልቅ ያሳመናት ይህ መጽሐፍ ነው።

ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ልጅ ካላችሁ የሮስ አንደርሰን «ሴኪዩሪቲ ኢንጂነሪንግ» አለ። ሦስተኛው እትም በ2020 የወጣ ሲሆን፣ የቀደሙትን እትሞች ደራሲው በነፃ እንዲነበቡ ፈቅዷል። ከባድ ስለሆነ ለጀማሪ አይመከርም።

ከመግዛታችሁ በፊት የኅትመት ዓመቱን እዩ። መልእክት ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚጓዝ የሚያስረዳ መጽሐፍ ቶሎ አያረጅም፤ የአንድን ፕሮግራም አጠቃቀም የሚያሳይ ግን በጥቂት ዓመት ያልፍበታል። «በሰባት ቀን ሃከር ይሁኑ» የሚለውን መደርደሪያው ላይ ተዉት።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት፣ ምንም ባይወሰድ እንኳ ሆን ብሎ ያለፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባት ወንጀል ነው። መጽሐፉን ስንሰጣቸው ልምምዱ በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ብቻ መሆኑን እንንገራቸው።

ባለፈው እሑድ ልጄ አያቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ «እማማ፣ ስልክሽን ልየው? ትፈቅጂልኛለሽ?» ሲላት ሰማሁ። መክፈቻ ቁጥሯ 1234 ነበር። አብረው ቀየሩት። እኔን ይበልጥ ደስ ያሰኘኝ ግን አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቁ ነው።