ከአንገረብ መነሳት

የካርቱም ቤት ያለ አንገረብ አይታሰብም። በገመድ የተጠለፈ የእንጨት አልጋ ነው፤ የእኛ የጠፍር አልጋ የቅርብ ዘመድ። ስትሮክ መትቶት ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ላለው ሰው ግን ይኸው አልጋ ፈተና ይሆንበታል፤ መሀሉ ስለሚረግብ ውጦ ያስቀረዋል። ቤተሰብ ሊያግዘው ሲል የዛለ እጁን ይዞ ወደ ላይ ይጎትታል። ከፍቅር ነው፤ ነገር ግን ጡንቻው የላላ ትከሻ በዚህ ይጎዳል።

ፊዚዮቴራፒስት ቢኖር መጀመሪያ ጠንካራ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። እግሮቹን ወደ ኋላ ያሰበስብለታል፣ የደከመውን ከደህናው ትንሽ ኋላ አድርጎ። ካልሆነ ሰውየው ክብደቱን ሁሉ በደህናው እግር ላይ ይጥላል፤ ያኛው ሥራውን እንደረሳ ይቀራል። ከዚያ ጎንበስ፣ አፍንጫው ከእግሩ ጣቶች ሲያልፍ ብድግ፣ ቀስ ብሎ ቁጭ። እንደገና። እንደገና። አንጎል በተጎዳው ክፍል ምትክ ሌላ መንገድ የሚያበጀው በድግግሞሽ ነው። መቆም ሲለመድ ክብደትን ከእግር ወደ እግር ማዘዋወር ይመጣል፣ ቀጥሎ ግድግዳ ተጠግቶ እርምጃ፣ ቀጥሎ መዞር። ብዙዎች የሚወድቁት ሲዞሩ ነው።

ይህ ሁሉ ውድ መሣሪያ ይፈልጋል? በአሜሪካ 408 የስትሮክ ሕሙማን የተሳተፉበት፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው ሊፕስ የተባለ ጥናት በማንጠልጠያ ታግዞ ትሬድሚል ላይ መራመድን፣ ፊዚዮቴራፒስት ቤት ድረስ ሄዶ ከሚያሠራው የጥንካሬና የሚዛን እንቅስቃሴ ጋር አወዳደረ። ከዓመት በኋላ መሣሪያው ብልጫ አላሳየም፤ ከሁሉም ተሳታፊዎች ግማሽ ያህሉ የተሻለ ይራመዱ ነበር።

እንግዲያው ቤተሰብ ይበቃል ማለት አይደለም። ሕንድ ውስጥ በ1,250 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ ቤተሰብን አሠልጥኖ ሥራውን ለእሱ መተው ከተለመደው እንክብካቤ የተሻለ ውጤት አላመጣም። ሁለቱን ጥናቶች አጠገብ ለአጠገብ ሳነብ የሚታየኝ አንድ ነገር ነው። መሣሪያው ቢቀር ይቀራል፤ የሠለጠነ ዓይን ግን አይቀርም። ዛሬ ስንት ጊዜ ይነሳ፣ መቼ ይክበድበት፣ መቼ ይረፍ የሚለውን የሚያውቀው ያ ዓይን ነው።

ካርቱም ያጣችው ይህንን ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ሆስፒታሎች ተራ በተራ ተዘጉ፣ ሐኪሞችና ባለሙያዎች ተሰደዱ። ኦምዱርማን የሚገኘው አል ናው ሆስፒታል ከባድ መሣሪያ እየተተኮሰበት ሥራውን ቢቀጥልም ቅድሚያው ለቁስለኛ ነበር። ካርቱም ይኖሩ የነበሩ ሐበሾችም ከሱዳናውያኑ ጋር በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ከዚያ የሚቀጥለው መንገድ ጎንደር ያደርሳል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶች ያሠለጥናል። ሙያው በአንድ መንገድ ርቀት ላይ አለ ማለት ነው።

የሱዳን ሠራዊት በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ከተማዋን ካስለቀቀ ወዲህ ሰዎች እየተመለሱ ነው። ለመልሶ ግንባታ በሚያዘው ገንዘብ ውስጥ የፊዚዮቴራፒስት ደመወዝና የትራንስፖርት ወጪ ከሕንፃው በፊት ቢገባ እመኛለሁ። ቤቱ የተዘረፈበት ሰው ወንበር እንኳ ላይኖረው ይችላል። ብሎኬት ግድግዳ አስጠግቶ ደርድሮ፣ እንዳይነቃነቅ አድርጎ፣ ፍራሽ አጥፎ ቢያነጥፍበት ከጉልበት ትንሽ ከፍ ያለ መቀመጫ ይወጣዋል። የሚጎድለው ከፊቱ ቆሞ፣ እጁን ሳይጎትት፣ «ጎንበስ በል፣ አሁን ተነሳ» የሚለው ሰው ነው።