ዳቦ ትቶ ቅቤ ያለ ልክ መብላት ያወፍራል?

«ሩዝና ዳቦ ትቻለሁ። ቅቤ፣ አይብ፣ ሥጋ ግን እንደፈለግኩ እበላለሁ። ታዲያ ኪሎዬ ለምን አይቀንስም? እንዲያውም ጨመርኩ እኮ!»

እንዲህ የሚል የድምፅ መልእክት ከእህቶች ደጋግሞ ይደርሰኛል። አብዛኞቹ ኬቶ የሚባለውን አመጋገብ ያዩት ቲክቶክ ላይ ነው። «ስብ አያወፍርም፤ የሚያወፍረው ዳቦና ስኳር ነው» ይባላሉ። ግማሹ እውነት ስለሆነ ሰው ያምናል።

እውነት የሆነው ይሄ ነው። ዳቦ፣ ሩዝ፣ እንጀራ፣ ማካሮኒና ስኳር ሲቀንስ የብዙ ሰው ረሃብ አብሮ ይቀንሳል። ሥጋና እንቁላል ሆድ ይይዛሉ። ስለዚህ ሳይታወቅሽ ትንሽ ትበያለሽ፤ የምትከሺውም ለዚህ ነው። ይህን አመጋገብ ዝነኛ ያደረገው ሮበርት አትኪንስ የሚባል አሜሪካዊ የልብ ሐኪም ነው፤ መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ካሎሪ መቁጠር አያስፈልግም የሚለው ወሬ አዲስ አይደለም ማለት ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት 2 ኪሎ ቢወርድልሽም ብዙ አትገረሚ። ሰውነታችን ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ያጠራቀመውን ስኳር የሚያስቀምጠው ከውሃ ጋር ነው። ስኳሩ ሲያልቅ ውሃውም በሽንት ይወጣል። እንጀራ መብላት ስትጀምሪ ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ወደ ቅቤው። 1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ አለው፤ 1 ግራም ካርቦሃይድሬት ግን 4 ብቻ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ሲሆን አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር 50 ገደማ ነው። የወይራ ዘይት ለልብ ይሻላል፤ ካሎሪው ግን ያው ነው። ጣሂናም የጾም ነው ተብሎ ከቁጥር አይወጣም፣ አንዷ ማንኪያ 90 ገደማ ናት። ሰውነትሽ ከሚያቃጥለው በላይ ከበላሽ የተረፈው ስብ ይከማቻል፤ ዳቦ አለመብላትሽ አያስቆመውም።

አረብ ቤት ስሠራ የማዳሜን የኬቶ ምግብ የማበስለው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ከሳች፣ ደስም አላት። በኋላ ግን ቡናዋ ላይ ቅቤ፣ ሰላጣዋ ላይ ዘይት በላይ በላዩ፣ ሐሉሚው በቅቤ ተጠብሶ፣ ማታ ደግሞ ቴሌቪዥን ፊት አንድ ጎድጓዳ ሳህን ለውዝና ካሹ። ባዶውን ሳህን ጠዋት የማነሳው እኔ ነኛ! ኪሎዋ አልቀንስ ሲል ሚዛኑ ተበላሽቷል ብላ አዲስ አስገዛች። አንድ እፍኝ ለውዝ፣ 30 ግራም ገደማ፣ ወደ 170 ካሎሪ ነው። ማን አንድ እፍኝ ላይ ያቆማል?

ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 609 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አውጥቷል። ግማሾቹ ቅባት፣ ግማሾቹ ካርቦሃይድሬት ቀነሱ። ሁለቱም ወገን በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀነሰ፤ ልዩነታቸው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

የእኛ ችግር ደግሞ ሌላ ነው፤ የሚበስለውን የምንመርጠው እኛ አይደለንም። ምሳው ከብሳ ነው፣ ሩዙ ራሱ በሳምና የተሠራ። ቀን ቅቤ «ነፃ ነው» ብለሽ በልተሽ፣ ማታ ድካሙ ሲያሸንፍሽ ኩብዝ ከበላሽ ሁለቱንም ደረብሽ ማለት ነው። እኔ የምመክረው በእጅሽ ካለው እንድትጀምሪ ነው፦ ሻይሽ ላይ ያለው ስኳርና ፔፕሲው። ለራስሽ ስታበስዪ ዘይቱን ከጠርሙስ አታፍስሺ፣ በማንኪያ ለኪ። የሳህንሽን ግማሽ በሰላጣ ወይም በአትክልት ሙዪ፣ እንቁላል ወይም ምስር ካገኘሽ ጨምሪበት። ሩዙን መቀነስ እንጂ ጭራሽ መተው ግዴታ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ነው የምትሠሪው።

ለስኳር በሽታ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የምትወስጂ ከሆነ ግን ሐኪም ሳታማክሪ ዳቦና ሩዝ እንዳታቆሚ። ስኳርሽ በድንገት ወርዶ መስኮት ስታጸጂ ልትወድቂ ትችያለሽ። እርጉዝ ወይም የምታጠባም ኬቶ አትሞክሪ። ካዞረሽ፣ ከተንቀጠቀጥሽ፣ ላብ ላብ ካለሽ ሥራውን አቁመሽ ተቀመጪ፤ ጁስ ወይም ስኳር ያለው ሻይ ጠጪ።

አንድ ነገር ልጨምር። ማዳም «ወፍረሻል» ብላ ምግብ ብትቀንስብሽ እሱ ዳይት አይባልም። በኩዌት የ2015 ሕግ ቁጥር 68፣ በኳታር የ2017 ሕግ ቁጥር 15 አሠሪ ምግብ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ሌላ አገር ያለሽ ደግሞ ውልሽ ላይ ስለ ምግብ የተጻፈውን አንብቢ፣ ካልገባሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልን። ምግብ የተከለከልሽበትን ቀን፣ ምን እንደተሰጠሽና ምን እንደተባልሽ ስልክሽ ላይ መዝግቢ።