ትልቅ ሞተር የሚያስወርድ ትንሽ ቱቦ

ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣውን መንገድ የተጓዘ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ከሚሌ ወዲህ ባለው ሐሩር፣ ወይም የመተሃራ ሜዳ አልቆ ወደ አዳማ ሽቅብ ሲጀመር፣ ጋቢናው ወደፊት የተደፋ የጭነት መኪና ዳሩን ይዞ ቆሟል። ረዳቱ ጀሪካን አንጠልጥሎ ውሃ ፍለጋ ሄዷል። ሹፌሩ በተሳቢው ጥላ ሥር ሆኖ ስልክ ይደውላል። አዲስ አበባ የተቀመጠው ባለንብረት የሚሰማው አንድ ቃል ነው፤ «አፈላ!»

ቃሉ አጭር ቢሆንም ጣጣው ረጅም ነው። መኪናው ይጎተታል፤ ቴስታታው ይፈታል፤ ጓርኒሲዮኑ ይቀየራል፤ ሲብስም ሞተሩ ይወርዳል። የደንበኛው ዕቃ ወደ ሌላ መኪና ይገለበጣል። የባንክ ዕዳ ካለበት ደግሞ መኪናው ቢቆምም ወለዱ አይቆምም። የተሽከርካሪ መድን ቢኖርም በተለምዶ የሚሸፍነው እንደ ግጭትና መገልበጥ ያለውን አደጋ እንጂ በእርጅና የመጣን የሞተር ብልሽት አይደለም።

የዚህ ሁሉ መነሻ ከሚሆኑት ነገሮች አንዱ ውሃን በሞተርና በራዲያተር መካከል የሚያመላልሰው የጎማ ቱቦ ነው። በዋጋው ከመኪናው ዕቃዎች ዝቅተኛ ከሚባሉት ይቆጠራል። የዛሬው ጽሑፋችን ይህ ቱቦ ለምን እንደሚፈነዳ፣ መቼና እንዴት እንደሚቀየር፣ ሲገዛም ምን መታየት እንዳለበት ለባለንብረቶችና ለነጋዴዎች ያብራራል።

የሚጠፋው ውሃ ብቻ አይደለም

የናፍጣ ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ወደ ሥራ የሚለውጠው ከግማሽ በታች ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ከፊሉ በጭስ ማውጫ፣ ከፊሉ በውሃው በኩል መውጣት አለበት። ውሃው በፓምፕ እየተገፋ በሞተሩ ውስጥ ይዞርና ቴርሞስታቱ ሲከፈት በላይኛው ቱቦ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፤ ቀዝቅዞም በታችኛው ቱቦ ይመለሳል። የብዙ ናፍጣ ሞተሮች ቴርሞስታት የሚከፈተው ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ባለንብረቶች ልብ የማይሉት ነገር አለ። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ቀድሞ ይፈላል። አዋሽ ላይ በ97 ዲግሪ ገደማ፣ አዳማ ላይ በ95 ገደማ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ደግሞ በ92 ገደማ ይፈላል። እንግዲህ ሞተሩ ከሚሠራበት ሙቀት እስከ ውሃው መፍያ ያለው ልዩነት ከ10 ዲግሪ ብዙም አይዘልም ማለት ነው።

መኪናውን ከዚህ የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ይይዛል፤ ግፊት ሲጨምር ውሃ ቶሎ አይፈላም። 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን አዲስ አበባ ላይ የውሃውን መፍያ ከ92 ወደ 110 ዲግሪና ከዚያም በላይ ያደርሰዋል። በእኩል መጠን የተቀላቀለ ኩላንት ሲኖርበት ደግሞ ጥቂት ዲግሪ ይጨመርበታል።

ቱቦ ሲሰነጠቅ የሚጠፋው ይህ ግፊት ጭምር ነው። ራዲያተሩ ገና ውሃ እያለው ግፊቱ በስንጥቁ ስለሚያመልጥ፣ እስከዚያ ድረስ ተረጋግቶ የነበረው ውሃ በአንድ ጊዜ ይፈላል። «የሚያንጠባጥበው ጥቂት ነው፤ ውሃ እየጨመርን እንደርሳለን» የሚለው ስሌት መንገድ ላይ የሚከሽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

የንግዳችን አካሄድም ነገሩን ያባብሰዋል። ከ1990 ዓ.ም ጦርነት ወዲህ ከገቢ ዕቃችን አብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ በኩል ነው። ከምንልከው የምናስገባው ስለሚበልጥ መኪናው ሲወርድ ቀሎት፣ ሲመለስ ከብዶት ነው። በቆላው ሜዳ ግሎ የመጣ ሞተር ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት ይጀምራል፤ ዳገቱን በወጣ ቁጥር የውሃው መፍያ እየወረደ ይሄዳል። ያረጀ ቱቦ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ከውጭ ደህና፣ ከውስጥ ብል የበላው

አብዛኛው የራዲያተር ቱቦ ኢ.ፒ.ዲ.ኤም ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራ ሆኖ በመካከሉ ክር የተጠለፈበት ነው። ውሃውን የሚይዘው ጎማው ሲሆን ግፊቱን የሚሸከመው ግን ክሩ ነው።

ቱቦ የሚያረጀው ከውጭ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ትልቁ ጥፋት ግን ከውስጥ ይጀምራል። የሞተሩና የራዲያተሩ ብረት፣ ውሃውና ጎማው ተገናኝተው እንደ ደካማ ባትሪ ይሆናሉ። የሚፈጠረው ጥቂት ኤሌክትሪክ ጎማውን ከውስጥ በኩል በቀጫጭን ስንጥቆች ይበላዋል፤ በስንጥቆቹ የሚገባው ውሃም ክሩን ያዳክመዋል። ጥፋቱ የሚበረታው ቱቦው ብረት ላይ ከተሰካበት ጫፍ እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ባለው ክፍል ነው።

ስለዚህ የቱቦውን መካከል ብቻ ጨምቆ «ደህና ነው» የሚል መካኒክ ገና ግማሹን ነው ያየው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቱቦው በአውራ ጣትና በሌሎቹ ጣቶች መካከል ተይዞ፣ መጀመሪያ መካከሉ፣ ከዚያም ሁለቱ ጫፎች ይጨመቁ። ጫፉ ከመካከሉ ይልቅ ከላላ፣ ወይም በውስጡ የተሰነጠቀ ነገር ለጣት ከተሰማ ቱቦው ጊዜው አልፏል። ደርቆ የሚንኳኳ ቱቦ በሙቀት ተጎድቷል። አብጦ የሚያጣብቅ ከሆነ ደግሞ ዘይት ነክቶታል፤ የዘይቱ መነሻ ሳይፈለግ አዲስ ቱቦ ቢገጠም እሱም አይበረክትም።

የታችኛው ቱቦ የራሱ ተንኮል አለው። ፓምፑ ውሃውን የሚስበው በዚህ በኩል ስለሆነ፣ ጎማው ከላላ ሞተሩ በኃይል ሲዞር ጎኖቹ ይጣበቁና ውሃው ይቋረጣል። መኪናው ቆሞ ሲመረመር ግን ቱቦው ወደ ቅርጹ ተመልሶ ደህና ይመስላል። ዳገት ላይ ብቻ የሚያፈላ፣ ጋራዥ ሲገባ ግን ምንም የማይገኝበት መኪና በዚህ በኩል መጠርጠር አለበት።

በጥቅሉ የቱቦ ዕድሜ አራት ዓመት ነው ተብሎ ቢያዝ ከስህተት ያድናል። በቆላ መስመር ለሚመላለስ መኪና ከዚያ ማሳጠሩ ይመረጣል። አንዱ ቱቦ ከፈነዳ አብረውት የተገጠሙትም ያው ዕድሜ ስላላቸው ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር ይበጃል።

ገበያ ላይ ምን ይታይ?

ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ መለዋወጫ መደብር ሲኬድ የድሮውን ቱቦ ይዞ መሄድ የመጀመሪያው ብልኃት ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩም ይያዝ። ሁለት ቱቦዎች በዓይን አንድ መስለው በውስጥ ስፋት በጥቂት ሚሊ ሜትር ይለያያሉ። ሰፊውን በማጥበቂያ አስጨንቆ መግጠም ለዛሬ ይሠራ ይሆናል፤ ለዳገቱ ግን አይሆንም።

ጫፉን አይቶ የክሩን ሽፋን መፈለግም ተገቢ ነው። ክር የሌለበት ጎማ፣ የአትክልት ማጠጫ ወይም የነዳጅ ቱቦ ለዚህ ሥራ አልተሠራም። በፋብሪካ ታጥፎ የተሠራውን ቱቦ በቀጥ ያለ ቱቦ መተካትም ስህተት ነው፤ ቀጥ ያለው ሲታጠፍ ይሰበርና መንገዱን ያጠባል። አንዳንድ አምራቾች የዓለም አቀፍ መመዘኛውን ምልክት፣ ለምሳሌ ኤስ.ኤ.ኢ ጄ20 የሚለውን፣ በቱቦው ላይ ያትማሉ። ጽሑፉ በራሱ ዋስትና አይሆንም፤ ፎርጅዱም ማተሚያ አያጣምና። ደረሰኝ የሚሰጥና ዕቃው ቢበላሽ የሚጠየቅ ነጋዴ መምረጥ ከዋጋ ክርክር ይበልጣል።

የሲሊኮን ቱቦ ሙቀት የመቻል አቅሙ የላቀ ነው፤ ዋጋውም እንዲሁ። ነገር ግን ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ተራ ማጥበቂያ ይቆርጠዋል፤ ውስጡ ልስልስ የሆነ ማጥበቂያ ይፈልጋል። ዘይትና ነዳጅም አይወድም።

ክዳኑን በሚመለከት «የበለጠ ግፊት የሚይዘው ይሻላል» የሚል ሻጭ ቢያጋጥም አለመቀበል ነው። ፋብሪካው ካዘዘው በላይ የሚይዝ ክዳን ትርፉን ጫና በቱቦውና በራዲያተሩ ላይ ነው የሚጭነው።

አሠራሩ

ሥራው የሰዓታት እንጂ የቀናት አይደለም። ባለንብረቱ በቦታው ተገኝቶ የሚከተለውን ቢከታተል ይጠቅመዋል።

1ኛ/ ሞተሩ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። በጋለ ሞተር ክዳን መክፈት ፊትና እጅን ያቃጥላል።

2ኛ/ ውሃው በንጹሕ ዕቃ ይውረድ። ዝገት የሞላበት ከሆነ ራዲያተሩ ይታጠብ።

3ኛ/ የደረቀ ቱቦ በካቻቢቴ እየተጎረጎረ አይውጣ። የራዲያተሩ አንገት ስስ ስለሆነ ይጎዳል። ቱቦውን በስለት በቁመቱ ሰንጥቆ መላጥ ይሻላል።

4ኛ/ አንገቱ በስስ ብርጭቆ ወረቀት ይጽዳ። አዲሱ ቱቦ እንዲገባ በውሃ ወይም በኩላንት ይራስ እንጂ ግራሶ አይቀባ።

5ኛ/ አዲስ ማጥበቂያ ይገጠም። ቦታው ከአንገቱ ጉብታ ወዲያ፣ ከቱቦው ጫፍ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ከመጠን በላይ ማጥበቅም ጎማውን ይቆርጣል።

6ኛ/ ቱቦው ቺንጋም ሆነ ቬንትሌተር እንዳይነካ ይታይ።

7ኛ/ የተጣራ ውሃና ኩላንት እኩል ተቀላቅሎ በቀስታ ይሞላ። አየሩ እንዲወጣ ሞተሩ ተነሥቶ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ይጠበቅ።

8ኛ/ ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ማጥበቂያዎቹ እንደገና ይፈተሹ፤ የጎደለው ይሞላ። ይህ እርምጃ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ሹፌሩም መመሪያ ይሰጠው። የሙቀት መለኪያው ከወትሮው ከፍ ካለ ጭስ እስኪታይ ሳይጠብቅ ዳር ይዞ ያቁም። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይጨምር፤ ቴስታታ ይሰነጥቃል። መለኪያው ድንገት ቢወርድም አይደሰት። ውሃው ካለቀ መለኪያው የሚነካው ነገር ስለማይኖር ሞተሩ እየነደደ «ቀዝቃዛ» ሊል ይችላል።

ያገለገለ መኪና ለሚገዙና ለሚያሻሽጡ

ቱቦው ስለ መኪናው አያያዝ ከባለቤቱ አንደበት የተሻለ ይመሰክራል። ሞተሩ ሳይነሣ፣ ገና ቀዝቃዛ እያለ መድረስ ነው። በላስቲክ ቁራጭና በሽቦ የታሰረ ቱቦ፣ በማጣበቂያ የተለሰነ አንገት፣ ቡናማ የሆነ የራዲያተር ውሃ፣ በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ዘይት፣ ሞተሩ ሲነሣ የማያቋርጥ አረፋ ከታየ መኪናው አንድ ጊዜ አፍልቶ ሊሆን ስለሚችል ዋጋው በዚያው መጠን መነጋገሪያ ይሁን። አሻሻጩም ይህን አስቀድሞ ቢያሳይ ኋላ ከሚመጣው ክስ ይድናል።

ሂሳቡን እያንዳንዱ ባለንብረት በራሱ ቁጥር ሊሠራው ይችላል። በአንድ ወገን የቱቦዎቹና የማጥበቂያዎቹ ዋጋ፣ የኩላንቱና የግማሽ ቀን የእጅ ሥራ ይቀመጥ። በሌላው ወገን ማስጎተቻው፣ ቴስታታው፣ ጓርኒሲዮኑ፣ መኪናው በቆመባቸው ቀናት የቀረው ምልልስና ያስቀየመው ደንበኛ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ወጪ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በተመረጠ ቀን፣ ከተማ ውስጥ ይከፈላል። ሁለተኛው ግን ቀኑንና ቦታውን የሚመርጠው ቱቦው ራሱ ነው።