ስፌቱ ደርቆ አባባ ለምን ይደክማሉ?

ለጨጓራ ካንሰር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን አዛውንት ሊጠይቅ የሚመጣ ዘመድ አስታማሚውን የሚጠይቀው «ቁስሉ እንዴት ነው?» ብሎ ነው። ስፌቱ መግል ካልቋጠረ «ተመስገን» ይባላል። እኔ ብሆን «ያስላሉ ወይ?» ብዬ እጀምር ነበር።

አብዛኛውን ጊዜ ምላጩ የሚያልፈው ከደረት አጥንት ሥር ወደ እምብርት ነው። በጥልቀት መተንፈስ እዚያው ያማል፤ ስለዚህ ትንፋሽ ያጥራል፣ የሳንባው ታችኛው ክፍል ይጨመደዳል፣ አክታውም ተኝቶ ይቀራል። ተሕዋስያን ከዚህ የተሻለ ማረፊያ አይፈልጉም። ወጣት ስሎ ይተፋዋል፤ የ75 ዓመት አባት ግን ለመሳል አቅም ያንሳቸዋል። እኛ ደግሞ «ነፋስ እንዳይመታቸው» ብለን በጋቢ ጠቅልለን እናስተኛቸዋለን! ያ ጋቢ ታጥፎ ሆዳቸው ላይ ይደገፍና ቁጭ ብለው ይሳሉ፤ ሐኪሙ ሲፈቅድም ይራመዱ።

ሁለተኛው ስፌት አይታይም። ጨጓራው በሙሉ ወይም በከፊል ሲወጣ አንጀት ከምግብ ቧንቧ ወይም ከቀረው ጨጓራ ጋር ይሰፋል። ጤነኛ ጨጓራ በአሲዱ ተሕዋስያንን ይፈጃል፤ ካንሰር የያዘው ግን ብዙ ጊዜ አሲዱ ስለሚደክም ተሕዋስያኑ ይራቡበታል። ወራት በደንብ ያልበላ ሰው ደግሞ ሥጋው ቶሎ አይገጥምም፤ እንዳረጀ አቁማዳ በስፌቱ በኩል ያፈሳል። እንቁላልና ወተት ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። ጾም ከሆነ የንስሐ አባትን ማነጋገር ነው፤ ሕመምተኛ አይገደድም።

የኢንፌክሽን መከላከያው መድኃኒት የሚሰጠው ሆዱ ከመቀደዱ በፊት ባለው 60 ደቂቃ ውስጥ ነው። መሣሪያውስ? ከተማችን ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላው ምድጃ ላይ እንቢ የሚለን በዚሁ የተነሳ ነው። ስለዚህ መቀስና ምላጭ ታፍነው፣ በግፊት እንፋሎት፣ እስከ 121 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይሞቃሉ። እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍ በተሠራበት ዓመት፣ በ1867 እ.ኤ.አ. ነበር ቀዶ ሐኪሙ ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን የሚያመረቅዙት ተሕዋስያን ናቸው ብሎ የጻፈው። ከ14 ዓመት በኋላ ቪየና ላይ ሌላው ቀዶ ሐኪም ቢልሮት የካንሰር ጨጓራ ቆርጦ ሲያወጣ በሽተኛዋ ከቀዶ ሕክምናው ተረፈች። ካንሰሩ ግን በወራት ውስጥ ገደላት።

አዛውንት ላይ አሳሳቹ ነገር ትኩሳት ነው፤ ኢንፌክሽኑ ገብቶም ግንባራቸው ላይሞቅ ይችላል። በምትኩ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ሆድ ይነፋል፣ ወይም አእምሮ ይዋልላል። ትናንት ሲመርቁዎት የነበሩ አባት ዛሬ በሞተው ወንድማቸው ስም ከጠሩዎት «እርጅና ነው» ብለው አይለፉት። ሌሊት 9 ሰዓትም ቢሆን ነርሷን ይቀስቅሱ።