ቱቦ ከቱቦ ሲገናኝ፦ ከጎሚስታው ቤት እስከ ዳንግላ የውሃ ጉድጓድ

ከባሕር ዳር በስተደቡብ 78 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዳንግላ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውራ ጎዳና የሚያልፍባት ከተማ ናት። እንደ ማንኛውም የጎዳና ከተማ ጎማ የሚጠገንባቸው፣ መኪና የሚታጠብባቸውና ነዳጅ የሚቀዳባቸው ስፍራዎች አሏት። ከከተማዋ ወጣ ባሉት ቀበሌዎች ደግሞ ክረምቱ አልፎ ምድሩ ሲደርቅ ገበሬው ከጉድጓድ ውሃ እየሳበ ሽንኩርቱንና ሌላውን አትክልት ያጠጣል። እነዚህን ሥራዎች ሁሉ የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው ብንባል፣ ሞተሩን ወይም ቱቦውን እንጠራ ይሆናል እንጂ በቱቦው ጫፍ ላይ የተሰካችውን መጋጠሚያ ማሰባችን ያጠራጥራል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህችኑ የተረሳች ዕቃ፣ ይኸውም ያለ ቁልፍ በቅጽበት የምትገጥምና የምትፈታ፣ ገጥማም ሳለ በዛቢያዋ ላይ የምትዞር መጋጠሚያን ነው።

ከጎሚስታው እንጀምር። የኮምፕረሰሩን ቱቦ ሲያያይዝ በአንድ እጁ ቀለበቷን ወደ ኋላ ይስባል፤ የንፋስ መሙያውን ጫፍ ይሰካል፤ ቀለበቷን ይለቃል፤ ቀጭ የምትል ድምፅ ትሰማለች፤ በቃ። በዚያች ድምፅ ውስጥ የሚከናወነው ነገር ግን ቀላል አይደለም። በሴቴው መጋጠሚያ ግድግዳ ላይ ዙሪያውን በተበሱ ቀዳዳዎች ውስጥ፣ ከኩሽኔታ ውስጥ እንደምናገኛቸው ያሉ ትንንሽ የብረት ኳሶች ተቀምጠዋል። በወንዴው ጫፍ ላይ ደግሞ ዙሪያውን የተቦረቦረ ጎድጓዳ መስመር አለ። ሞላው ቀለበቷን ወደ ፊት ሲገፋት ኳሶቹን ከላይ ትጫናቸዋለች፤ እነርሱም ወደ ጎድጓዳው መስመር ገብተው ወንዴውን እንዳይወጣ ይይዙታል። ቀለበቷ ወደ ኋላ ስትሳብ ኳሶቹ የሚሸሹበት ቦታ ያገኛሉ፤ ወንዴውም ነፃ ይወጣል። ከዚህ በተጨማሪ በሴቴው ውስጥ በሞላ የምትገፋ ትንሽ መዝጊያ አለች፤ ወንዴው ሲወጣ ተከትላ መንገዱን ትዘጋለች። ቱቦው ሲፈታ የኮምፕረሰሩ አየር ሁሉ የማይባክነው ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ኳሶቹ የሚገቡበት መስመር ክብ ነው፤ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም። ስለሆነም ወንዴው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ ይታገዳል እንጂ እንዳይዞር የሚያግደው ነገር የለም። ፈጥኖ መፈታትና መዞር የሚባሉት ሁለት ባሕርያት ከአንድ ቅርጽ የተወለዱ ናቸው ማለት ነው። ችግሩ ግፊት ሲጨመር ይመጣል። የኮምፕረሰሩ አየር በ8 ባር፣ የመጋጠሚያው ውስጣዊ ስፋት በ10 ሚሊ ሜትር ቢታሰብ፣ አየሩ ወንዴውን ወደ ውጭ የሚገፋበት ኃይል 63 ኒውተን ገደማ ነው፤ የ6 ኪሎ ግራም ተኩል ክብደት እንደማለት ነው። የመኪና ማጠቢያ ማሽን ወደ ሚሠራበት 120 ባር ከፍ ስንል ግን ያው ስፋት ያለው መጋጠሚያ የሚሸከመው ኃይል ወደ 940 ኒውተን፣ ማለትም ወደ 96 ኪሎ ግራም ክብደት ያድጋል። ኳሶቹ በዚህ ኃይል ሲጨመቁ ቀለበቷ አልንቀሳቀስ ትላለች። ላቫጆ የሚሠራው ወጣት ሞተሩን አጥፍቶ፣ የሽጉጡን ምላስ ጫን ብሎ ግፊቱን ካስተነፈሰ በኋላ ብቻ የሚፈታው ለዚህ ነው። በዚህ ዓይነት ግፊት መዞር ሲፈለግ ኳሶቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረው እንደ ኩሽኔታ የሚያገለግሉበት፣ ለመዞር ብቻ የተሠራ ሌላ አካል ይጨመራል።

መዞሩ ለምን ይጠቅማል? ቱቦ መታጠፍን ይችላል፤ መጠማዘዝን ግን አይወድም። በውስጡ የተጠለፉት የብረት ወይም የክር ድሮች ግፊቱን እኩል እንዲካፈሉ በተወሰነ ማዕዘን የተሠሩ ናቸው። ቱቦው ሲጠማዘዝ አንደኛው ድር ይወጠራል፣ ሌላው ይላላል፤ ጭነቱም በወጠረው ላይ ይወድቃል። የሃይድሮሊክ ቱቦ አምራቾች 7 ዲግሪ ብቻ መጠማዘዝ የቱቦውን ዕድሜ እስከ 90 በመቶ ሊቀንሰው እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ። ከዚህም ሌላ ጥርስ ባለው ዳዶ የታሰረ ቱቦ በተጎተተና በተጠማዘዘ ቁጥር ዳዶውን እያላላው ይሄዳል። በነዳጅ ማደያው ሽጉጥ አንገት ላይ የሚዞር መጋጠሚያ የተገጠመውም ለዚሁ ነው።

በዳንግላ ጎዳና ላይ ከሚያልፉት የጭነት መኪኖች መካከል ተሳቢ የሚጎትቱትን ጠጋ ብለን ብንመለከት ሌላ ዘመድ እናገኛለን። ከፊተኛው መኪና ወደ ተሳቢው የፍሬን አየር የሚያሻግሩት ቱቦዎች የሚገናኙት እንደ ሁለት ሰዎች መጨባበጥ ነው፤ ሁለቱ ራሶች ፊት ለፊት ተገጥመው ጥቂት ሲዞሩ ይቆለፋሉ፣ የጎማ ፊታቸውም ይጣበቃል። የአየር ፍሬንን ለባቡር ያበጀው ጆርጅ ዌስቲንግሀውስ እ.ኤ.አ. በ1869 ነበር የመጀመሪያውን የባለቤትነት መብት ያገኘው፤ ቱቦው ከተለያየ ፍሬኑ በራሱ እንዲይዝ የሚያደርገውን ሥርዓት የጨመረው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የዓባይን በረሃ ለሚወርድ ተሳቢ ይህ ጭማሪ ምን ማለት እንደሆነ መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቱቦውን አንድ ላይ መያዝ ግን የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ እንዳያፈስ ማድረግ ነው፤ ይህን የምትሠራው ደግሞ ኦሪንግ የምትባለው፣ ብዙ ጊዜም ጎሚኒ ብለን የምንጠራት ክብ የጎማ ቀለበት ናት። ዴንማርክ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው ኒልስ ክሪስተንሰን የዚህችን ቀለበት የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ብልሃቱ ቀለበቷ በጠበበ ቦይ ውስጥ መቀመጧ ነው። ፈሳሹ ሲገፋት ወደ ስንጥቁ አቅጣጫ ተጨፍልቃ ይበልጥ ትደፍነዋለች፤ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር መድፈኗም ይጨምራል። እኛ ይህን ከሜካኒካል ምሕንድስና ውብ ሐሳቦች አንዱ አድርገን እንቆጥረዋለን። ነገር ግን ውበቱ የሚሠራው ግፊቱ ከውስጥ ሲመጣ ነው። ፓምፕ ውሃ በሚስብበት ቱቦ ውስጥ ሁኔታው ይገለበጣል፤ እዚያ ከውጭ ያለው የከባቢ አየር ነው ወደ ውስጥ የሚገፋው፣ እርሱም ቢሆን አቅሙ ውሱን ነው። ቀለበቷ ገና ስትገጠም በደንብ ካልተጨመቀች የሚረዳት የለም።

ይህ ነገር ዳንግላ ላይ ለምን ይከፋል? ፓምፕ ውሃን አይስብም፤ በቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ከጉድጓዱ ውሃ በላይ የተኛው የከባቢ አየር ነው። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ ከተወሰነ ከፍታ በላይ መሳቢያ እንደማይሠራ ጽፏል፤ ምክንያቱን ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ያብራራው ግን ቶሪቼሊ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ያ ወሰን 10.3 ሜትር ነው። ዳንግላ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የከባቢ አየሯ ግፊት ወደ 78 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል፣ ወሰኑም 8 ሜትር ብቻ ይሆናል። በመመሪያው ላይ 8 ሜትር ይስባል ተብሎ የተጻፈለት አነስተኛ ፓምፕ ያንን ቁጥር ያገኘው በባሕር ጠለል ስሌት ነው። እዚህ ከ6 ሜትር ያነሰ ብንጠብቅለት ይሻላል።

በወረዳው በዓመት ወደ 1,600 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይዘንባል፤ አብዛኛው ግን በክረምቱ ወራት ያልቃል። በእጅ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ውሃም ከክረምቱ በኋላ ቀስ በቀስ ይሸሻል። በዚሁ ወረዳ በደንገሽታ ቀበሌ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ዝናቡን፣ ወንዙንና የጉድጓዱን ውሃ ልክ እየመዘገቡ ከኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር የሠሩት ጥናት በዘርፉ መጽሔት ታትሟል። የገበሬ ልኬት ለሳይንስ እንደሚበቃ ያሳየ ሥራ በመሆኑ ተማሪዎቻችን ቢያነቡት ደስ ይለናል።

አሁን ፓምፑ ከውሃው 5 ሜትር በላይ ተቀምጧል እንበል። በመሳቢያ ቱቦው ላይኛ ጫፍ ያለው ግፊት ከ78 ወደ 29 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። በመጋጠሚያው ላይ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቀዳዳ ብትኖር ምን ይሆናል? የውስጡ ግፊት ከውጪው ግማሽ በታች በመሆኑ አየሩ በቀዳዳዋ ውስጥ የሚሮጠው በድምፅ ፍጥነት ነው። የገባችው እያንዳንዷ አረፋ ደግሞ በቀነሰው ግፊት ሳቢያ 2.7 ጊዜ ያህል ታብጣለች። ስሌቱን ስንሠራው በደቂቃ 20 ሊትር ገደማ አየር ወደ ፓምፑ ይደርሳል። በደቂቃ 300 ሊትር ውሃ ለሚያወጣ ፓምፕ ይህ ከሚያሳልፈው ይዘት 7 በመቶ ያህል ነው። ውሃን በመሽከርከር የሚገፋ ፓምፕ ጥቂት በመቶ አየር ሲገባበት ይደክማል፤ 10 በመቶ ሲጠጋ ጭራሹኑ መሳቡን ሊያቆም ይችላል። የሚያስገርመው ይህች ቀዳዳ አንዲት ጠብታ ውሃ እንኳ ወደ ውጭ አታንጠባጥብም። ከውጭ ሲያዩዋት ደረቅና ጤነኛ ናት።

ውሃው ሲቋረጥ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ጉድጓዱ ደረቀ የሚል ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ ደግሞ ሞተሩን ወደ ውሃው ማቅረብ፣ ማለትም ወደ ጉድጓዱ ማውረድ ይሆናል። እዚህ ላይ በግልጽ እንናገራለን፦ ቤንዚን ወይም ናፍጣ የሚበላ ሞተር በምንም ምክንያት ወደ ጉድጓድ አይወርድም። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ይከማቻል፤ ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ነው። በብዙ አገሮች ሞተሩን ሊያጠፋ የወረደ ሰው፣ እርሱን ሊያወጣ የወረደም ሌላ ሰው አብረው ሞተዋል። የአንዲት ጎሚኒ መላላት እስከዚህ ሊያደርስ ይችላል።

ሌላው ምክንያት የጥርስ አለመግባባት ነው። በገበያ ላይ የሚገኙት ባለ 2 ኢንች መጋጠሚያዎች ሁሉ አንድ ይመስላሉ፤ ግን የእንግሊዙ ሥርዓት በአንድ ኢንች 11 ጥርስ በ55 ዲግሪ ሲቆርጥ፣ የአሜሪካው 11 ተኩል ጥርስ በ60 ዲግሪ ይቆርጣል። ሁለቱ ለጥቂት ዙር ይጠባበቃሉ፣ ከዚያ ይነክሳሉ፤ የገጠማቸው ሰው በደንብ ጠበቀ ብሎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1904 የአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ በእሳት ስትያያዝ ከዋሽንግተን፣ ከፊላደልፊያና ከኒው ዮርክ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰውላት ነበር። የብዙዎቹ ቱቦዎች ከከተማዋ የውሃ መቅጃዎች ጋር አልገጥም አሉ። ከ1,500 በላይ ሕንፃዎች ነደዱ፤ ወጥ የሆነ የመጋጠሚያ መለኪያ የወጣው በማግሥቱ ዓመት ነው። አንድ ሞተር በየተራ በሚዋዋሱ ጎረቤታሞች መካከልም መጋጠሚያው አንድ ዓይነት ከሆነ ፓምፑን ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ማዛወር የደቂቃ ሥራ ነው። ካልሆነ ሽቦ፣ ፋሼታና የተቀደደ የጎማ የውስጥ ላስቲክ መፈለግ ይመጣል። በሁለት ክንዶቿ ተጭና የምትቆለፈው ባለ ክንድ መጋጠሚያ ለዚህ ተስማሚ ትመስለናለች፤ ጎሚኒዋን የሚጨምቃት ክንዱ እንጂ የገጣሚው ጉልበት ስላልሆነ ማንም ቢገጥማት ውጤቱ አንድ ነው።

አየር የምታስገባዋን መጋጠሚያ መፈለግ ያምራችሁ እንደሆነ የሳሙና አረፋ አትጠቀሙ፤ ወደ ውስጥ ይሳባል እንጂ አይነፋም። ፓምፑ እየሠራ ሳለ በእያንዳንዱ የመሳቢያ መጋጠሚያ ላይ ተራ በተራ ውሃ አፍስሱ። ውሃ ከአየር 50 ጊዜ ያህል የበለጠ ዝልግልግነት ስላለው በስንጥቁ በቀላሉ አያልፍም፤ ቢያልፍም ፓምፑን አይጎዳም። ውሃው ስንጥቁን በሸፈነባት ቅጽበት የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል፣ የሚወጣው ውሃም ይሞላል። ጎሚኒዋን ስትቀይሩ በሳሙና ውሃ አርጥባችሁ አስገቧት፤ ዓይነቷን ካላወቃችሁ ዘይትም ቤንዚንም አታስነኳት፣ የተፈጥሮ ጎማ በሁለቱም ያብጣልና።