የታደሰ ሞተር ከመነሣቱ በፊት ዘይት ስለ ማድረስ

ሞተር አሳድሶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚመሰክረው፥ ከጠቅላላው ሥራ እጅግ የሚናፈቀው ቁልፉ የሚዞርበት ሰዓት ነው። ባለመኪናው ለሳምንታት ተመላልሶአል፤ ለብሮንዚን፥ ለፋሻና ለቶርኖ ቤት ከፍሎ ጨርሶአል፤ አሁን የሚፈልገው የሞተሩን ድምፅ መስማት ብቻ ነው። ስለዚህ በጋራዡ በር ላይ ቆሞ «በል እስቲ አስነሣው!» ይላል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው፥ ይህ ትእዛዝ ከመፈጸሙ በፊት ስለሚያስፈልገው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ይኸውም ሞተሩ በራሱ ኃይል መዞር ሳይጀምር ዘይቱን ወደየቦታው ማድረስ ነው።

«ለመሆኑ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎችን ከሞተር ዘይት ጋር ምን አገናኛቸው?» የሚለን አይጠፋም ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው፤ በጋራዡ በር ቆሞ የሚያጣድፈው ሰው ብዙውን ጊዜ የተማረው ሰው ነው። መካኒኩ መደረግ ያለበትን ቢያውቅም እንኳ፥ ከፋዩ ሲያስቸኩለው ሥራውን አሳጥሮ ያስረክባል። ከዚህም በቀር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፥ ቀድሞ የገቡት ሞተሮች ደግመው ደጋግመው መታደሳቸው የማይቀር ነው። አንድ የታክሲ ነጂ ሞተሩን የሚያሳድሰው ከልጆቹ ጉሮሮ ቀንሶ ነው። ይህ ሁሉ ገንዘብ በአንዲት ደቂቃ ሊባክን እንደሚችል ማወቅ ለማንም ቢሆን ትርፍ ዕውቀት አይደለም።

ነገሩ ከሥሩ እንዲገባን፥ በመጀመሪያ ዘይት በሞተር ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ብዙ ሰው ዘይት ብረቱን የሚያለሰልስ ብቻ ይመስለዋል። ሥራው ግን ከዚህ እጅግ ይልቃል። የፒስተኖቹን መመላለስ ወደ መዞር የሚለውጠው ክራንክ ሻፍት የተባለው ጠማማ ዘንግ ነው። ይህ ዘንግ የሚያርፈው ብሮንዚን በሚባሉ፥ ፊታቸው በለስላሳ ብረት በተለበጠ ቅርፊቶች ላይ ነው። በዘንጉና በብሮንዚኑ መካከል ያለው ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከ0.02 እስከ 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይኸውም የአንዲት የራስ ጠጉር ውፍረት ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ማለት ነው። በዚህ ጠባብ ስፍራ ዘይት ሲገኝ፥ የሚዞረው ዘንግ ዘይቱን እየጐተተ ይበልጥ ወደ ጠበበው በኩል ያስገባዋል፤ ዘይቱም ተጨምቆ ዘንጉን ያነሣዋል። እንግዲህ ጤነኛ ሞተር ሲዞር ዘንጉ በዘይት ላይ ይንሳፈፋል እንጂ ብረት ብረትን አይነካም።

ይህን ነገር በሙከራ የገለጠው ቢቻም ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። ሙከራው የታወቀው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1883 ዓ.ም. ነው። ታወር የባቡር ሠረገላ ዘንግ የሚያርፍበትን ማቀፊያ ሲመረምር፥ ከላይ ዘይት ለማግቢያ ብሎ ቀዳዳ ቢበሳ ዘይቱ መግባቱ ቀርቶ በቀዳዳው ሽቅብ ወጣ። ቀዳዳውን በእንጨት ውታፍ ቢደፍነውም ዘይቱ ውታፉን ገፍቶ አወጣው። በመጨረሻ የግፊት መለኪያ ቢገጥምበት በካሬ ኢንች ከ200 ፓውንድ በላይ ሆነ፤ በዘንጉ ላይ የተጫነው ሸክም ግን በአማካይ 100 ፓውንድ ብቻ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1886 ዓ.ም. ኦዝቦርን ሬይኖልድስ የነገሩን ምክንያት በሒሳብ አስረዳ።

ከዚህ የምንማረው፥ ዘንጉ እንዲንሳፈፍ ሁለት ነገሮች በአንድነት እንዲያስፈልጉ ነው፤ መዞርና ዘይት። መዞር ኖሮ ዘይት ከሌለ የሚሆነው ፍጭት ብቻ ነው። የታደሰ ሞተር አደጋም ይኸው ነው። ሞተሩ ሲፈታ ሲታጠብ የዘይት መተላለፊያዎቹ ሁሉ ባዶ ሆነዋል፤ በፓምፑም ውስጥ ያለው አየር ነው። ከላይ የሚፈሰው አዲስ ዘይት በቀጥታ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። ታዲያ በታች የተኛ ዘይት ለብሮንዚኑ ምን ይረባዋል? ውኃ በጉድጓድ ውስጥ ስላለ ብቻ የጠማው ሰው አይረካም።

ሁልጊዜ ጧት የምትነሣው መኪና እንኳ ከትናንት የተረፈ ዘይት በብሮንዚኖችዋ ውስጥ አላት። የታደሰው ሞተር ያለው መካኒኩ ሲገጥም በእጁ የቀባው ብቻ ነው፤ ሞተሩ ሳይነሣ ብዙ ቀን ከቆመ ደግሞ እርሱም ቀስ በቀስ ተንጠባጥቦ ይወርዳል። አንድ ሞተር በደቂቃ 1000 ጊዜ የሚዞር ቢሆን በ10 ሴኮንድ ውስጥ ከ160 ጊዜ በላይ ዞሮአል። በዚህ ጊዜ ዘይቱ ካልደረሰ ለስላሳው የብሮንዚን ፊት ይጫራል፤ ይግላል፤ ሲብስም ከዘንጉ ጋር ይነክሳል። የሚያሳዝነው ግን ጉዳቱ በዚያው ቀን አለመታየቱ ነው። ሞተሩ ይነሣል፤ ባለቤቱም ተደስቶ ይሄዳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር ወቀሳው በመለዋወጫው ወይም በነዳጁ ይሳበባል፤ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ግን ማንም አያስታውሳትም።

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ እናሳይ። ለዚህም በአዲስ አበባ መንገድ ሁላችን የምናውቃትን ቮልስዋገንን እንውሰድ። የዚችን ዓይነት መኪና የመጨረሻዋን ፋብሪካው በሜክሲኮ አገር በ2003 እ.ኤ.አ. ሠርቶ ቢያቆምም፥ በከተማችን ዛሬም በሞተር እድሳት ትኖራለች። የቮልስዋገን ሞተር የሚይዘው 2.5 ሊትር ዘይት ነው። ፓምፑ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ሁለት ጥርሳም መንኰራኵሮች ያሉት ሲሆን የሚያዞረው ካም ሻፍቱ ነው።

አንደኛ፤ ፓምፑ ሲገጠም በጥርሶቹ መካከል ያለው ባዶ ስፍራ በቫዝሊን ይሞላል። ፓምፑ ደረቅ ከሆነ አየሩ በጥርሶቹ መካከል ስለሚያመልጥ ዘይቱን ከታች ስቦ ማንሣት ያቅተዋል፤ ቫዝሊኑ ግን ክፍተቱን ይደፍንለታል። ኋላም ዘይቱ ሲሞቅ ቀልጦ ይቀላቀላል። በቫዝሊን ፈንታ ወፍራም ግራሶ መጠቀም ግን አይገባም፤ ግራሶ በቀላሉ ስለማይሟሟ ጠባቡን መተላለፊያ ሊዘጋ ይችላል።

ሁለተኛ፤ ዘይቱ በልኩ ከተሞላ በኋላ አራቱም ካንዴላዎች ይወልቃሉ፤ ወደ ቦቢናው የሚሄደውም የኤሌክትሪክ ሽቦ ይነቀላል። ካንዴላዎቹ የሚወልቁበት ምክንያት አለ። ፒስተኖቹ የታመቀ አየር ከሌለባቸው በብሮንዚኖቹ ላይ የሚያርፈው ሸክም እጅግ ይቀላል፤ ሞተሪኖውም ሞተሩን ሳይደክም ፈጠን አድርጎ ያዞረዋል። ሽቦው የሚነቀለው ደግሞ ከካንዴላው ቀዳዳ የሚወጣውን የቤንዚን ትነት ብልጭታ እንዳያገኘው ነው።

ሦስተኛ፤ ቁልፉ ሲከፈት የዘይት መብራት መብራቱ ይረጋገጣል። መጀመሪያውኑ ያልበራ መብራት ኋላ ጠፋ ብሎ መደሰት ራስን ማታለል ነውና። ከዚያም ሞተሪኖው ለ10 ሴኮንድ ያህል ይዞራል፤ እንዳይግልም አንድ ደቂቃ ያርፋል፤ ደግሞ ይዞራል። መብራቱ ሲጠፋ ግፊት መጥቶአል ማለት ነው። ይሁን እንጂ መብራቱ በጥቂት ግፊትም ስለሚጠፋ፥ መለኪያ ያለው ሰው በመብራቱ ቦታ መለኪያ ቢገጥም ይመረጣል። መብራቱ ከጠፋም በኋላ ጥቂት ጊዜ ማዞሩን መቀጠል መልካም ነው። በቮልስዋገን ዘይቱ ወደ ቫልቮላዎቹ የሚወጣው ውስጣቸው ክፍት በሆነ ዘንጎች ነውና፥ የቴስታታው ክዳን ተከፍቶ ዘይት ሲንጠባጠብ ከታየ መንገዱ እስከ መጨረሻው ክፍት ለመሆኑ የዓይን ምስክር ተገኘ።

መብራቱ ደጋግሞ ተሞክሮ አልጠፋ ቢልስ? በዚህ ጊዜ «ሲነሣ ይመጣል» የሚለው ቃል የሞተሩ የሞት ፍርድ ነው። ሥራው ቆሞ የፓምፑ ክዳን አየር ያስገባ እንደ ሆነ፥ የመሳቢያው ቱቦ በደንብ የተቀመጠ እንደ ሆነ፥ የግፊት መቈጣጠሪያው ፒስተን ተጣብቆ የቀረ እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

በሌሎች ሞተሮች መንገዱ ይለያይ እንጂ ዓላማው አንድ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በተሠራው ባለ 8 ሲሊንደር የሸቭሮሌት ሞተር ፓምፑን የሚያዞረው ብልጭታ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ስለ ሆነ፥ እርሱን አውጥቶ በመሰርሰሪያ ፓምፑን ብቻ ማዞር ይቻላል። ክራንክ ሻፍቱ ሳይንቀሳቀስ ዘይቱ ቀድሞ ይደርሳል። ፓምፑ ለብቻው የማይዞርለት ሞተር ሲሆን ደግሞ ዘይት በተሞላ የግፊት ጋን በመለኪያው ቀዳዳ በኩል ከውጭ መግፋት ይቻላል።

ዘይቱ ከደረሰ በኋላ ሞተሩ ወዲያው እንዲነሣ የብልጭታው ሰዓትና ነዳጁ አስቀድሞ ተስተካክሎ ይቈያል። እንደ ቮልስዋገን ላለው ሞተር አዲስ ካም ሻፍት ከገባበት ለመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች በደቂቃ ወደ 2000 በሚሆን ዙር ይሠራል እንጂ ቀስ ብሎ እንዲያጕረመርም አይተውም። ምክንያቱም የካም ሻፍቱ እብጠቶች ዘይት የሚያገኙት በይበልጥ ከሚዞረው ክራንክ ሻፍት ከሚረጨው ነው፤ ዙሩ ሲያንስ የሚረጨው ያንሳል። ከዚህ በኋላ ያ የመጀመሪያ ዘይት ደቃቅ ብረት ስለሚይዝ ይደፋና በአዲስ ይተካል።

እንግዲህ ጠቅላላው ሥራ ጥቂት ቫዝሊን፥ የካንዴላ መፍቻና የአንድ ሰዓት ትዕግሥት ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። ከእኛ መካከል ነገ በጋራዥ በር የሚቆም ሰው፥ «አስነሣው» ከማለቱ በፊት መካኒኩን በአክብሮት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ «ዘይቱ ደርሶአል ወይ?» መካኒኩ «ገና ነው፤ ጥቂት ይጠብቁ» ቢለው ወንበር ስቦ ይቀመጥ። ያ መካኒክ ገንዘቡን እየጠበቀለት ነው።