ድሬዳዋ በጋራዥ ውስጥ፦ ለሞዴል ባቡር መልክዓ ምድርና ሕንፃ እንዴት ይታቀዳል?

ሴንቴኒያል ሂልስ የሚገኘው የአጎቴ ጋራዥ ውስጥ መኪና ከቆመ ቆይቷል። ቦታውን የያዘው አምስት ሜትር የሚረዝም ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ፣ ገና በካርቶን ቢሆንም፣ ድሬዳዋ አለች።

ነገሩ የተጀመረው በስጦታ ነው። ጋሼ ጡረታ ሲወጡ ልጆቻቸው ትንሽ የኤሌክትሪክ ባቡር ገዙላቸው። ባቡሩ በክብ ሀዲድ ላይ ሁለት ሳምንት ያህል ዞረ። ከዚያ አንድ ቀን ጋሼ አጥፍተውት፣ “አቦ! ይሄ ባቡር የት ነው የሚሄደው?” አሉኝ። ያደጉት ከዚራ፣ ከምድር ባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ነው። ለእሳቸው ባቡር ማለት ከአንድ ቦታ መጥቶ ወደ ሌላ ቦታ የሚሄድ ነገር ነው።

እኔም የምህንድስና ተማሪ ነኝና እቅዱን እንዳወጣ ተመደብኩ። ከስህተቶቼ የተማርኩትን፣ ለመጀመር ለምታስቡ ሁሉ እንዲጠቅም ከዚህ በታች አቀርባለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ከተማው ለምን እዚያ እንደተቆረቆረ ይጠየቅ

ብዙ ጀማሪ መጀመሪያ ሀዲድ ይዘረጋል፣ ከዚያ በተረፈው ቦታ ቤት ይደረድራል። እኔም እንዲሁ አድርጌ ነበር። ውጤቱ ከየትም ያልሆነ ከተማ ነው።

አፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው። በመጀመሪያው ሐሳብ መስመሩ ሐረር መግባት ነበረበት። ነገር ግን ተራራውን መውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ሀዲዱ ከተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተደረገ። በ1902 ባቡሩ የደረሰበት ቦታ ድሬዳዋ ሆነ። እንግዲህ ተራራው በጠረጴዛው ላይ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ከተማዋ እዚያ የተገኘችበት ምክንያት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቦታ የተሰጠው ለእሱ ነው።

የምንኖርበት ከተማም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ላስ ቬጋስ የተመሠረተው ግንቦት 15 ቀን 1905 የባቡር ኩባንያው መሬት በጨረታ ሲሸጥ ነው። የእንፋሎት ባቡር በረሃ ውስጥ ውሃ ይፈልጋል፣ እዚህ ደግሞ ምንጭ ነበር። ሁለቱም በረሃ ላይ ባቡር የወለዳቸው ከተሞች ናቸው፤ በዕድሜም ሦስት ዓመት ብቻ ይበላለጣሉ። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ሳቁና፣ “እኔማ ከድሬ መች ወጣሁ!” አሉ።

2. አንድ ዓመት ይመረጥ

“የድሮ ድሬዳዋ” የሚባል እቅድ የለም። የትኛው ድሮ? እኛ 1965ን መረጥን፤ ጋሼ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። ዓመት ከተመረጠ ብዙ ጥያቄ በራሱ ይመለሳል። ባጃጅ አይኖርም። በጣቢያው ላይ የሚጻፈው ስምም ይለወጣል፤ የኢትዮ ጅቡቲ ኩባንያ የተቋቋመው በ1981 ስለሆነ፣ በ1965 መስመሩ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ነበር። ዛሬ ከስልክ ላይ የምናገኘውን ፎቶ እንዳለ ብንገለብጥ ኖሮ እንሳሳት ነበር።

ከባዱ ጥያቄ ደቻቱ ነበር። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ይህ አሸዋማ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። በነሐሴ 2006 ሌሊት ግን ጎርፍ ሆኖ መጥቶ ከ200 በላይ ሰዎች ወስዷል። ጋሼ፣ “ደረቅ ይሁን፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበት” አሉ። የመረጥነው ዓመትም ይህን ፈቀደልን።

3. ስኬሉ ይወሰን

በአሜሪካ በብዛት የሚገኘው ስኬል ኤች ኦ ይባላል፤ 1 ለ87 ነው። 1.70 ሜትር ሰው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። 2.10 ሜትር በር 24 ሚሊ ሜትር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የተለመደው የኤች ኦ ሀዲድ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የሚወክለውም 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን እውነተኛ ሀዲድ ነው። የጥንቱ የጅቡቲ መስመር ግን ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ነበር። በስጦታ የመጣው ሀዲድ በልኩ ሲታይ በ2016 ለተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር እንጂ ለጋሼ ባቡር አይሆንም። ለአንድ ሜትሩ መስመር 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሀዲድ አለ፤ በአብዛኛው የሚሠራው ለስዊዘርላንድ የተራራ ባቡሮች ነው። ዋጋው ወደድ ይላል፤ በጀት ካልፈቀደ ግን በተለመደው መቀጠል ነውር አይደለም።

4. ምን እንደሚቀር ይወሰን

ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ስኬል እንኳ ሙሉው መስመር ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይፈጃል። የእኛ አምስት ሜትር ጠረጴዛ የሚይዘው 435 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የእቅዱ ትልቁ ሥራ መተው ነው።

እኛ አራት ነገር አስቀረን፦ ጣቢያውን፣ የጥገና ወርክሾፑን፣ አንድ የከዚራ ጎዳና ከትልልቅ ዛፎቹ ጋር፣ እንዲሁም የደቻቱን ዳርቻ። የቀረው በጀርባው ግድግዳ ላይ ይሳላል። ሕንፃም ይቀነሳል። 40 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ 46 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል፤ ግን አሥራ ሁለት መስኮት ካለው ስምንት ብናደርገው ዓይን አይከፋውም፤ የበሩ ቁመትና የጣሪያው ቅርጽ እስካልተነካ ድረስ። ከጀርባ ያሉት ቤቶች ፊታቸው ብቻ ቢሠራ ይበቃል። በጣም ሩቅ የሚመስሉትን ደግሞ አነስ ባለ ስኬል መሥራት ርቀት ይፈጥራል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ጠረጴዛው ከ75 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት አይኑረው። እጅ የማይደርስበት ቦታ ባቡር ሲወድቅ ተራራ ማፍረስ ይመጣል።

5. መጀመሪያ በካርቶን

ኢትዮጵያዊ ሕንፃ ተዘጋጅቶ አይሸጥም፤ የሚሸጠው የጀርመን ወይም የአሜሪካ ነው። ስለዚህ ራስ መሥራት ግድ ነው። ፎቶ ላይ በር ወይም ሰው ካለ ቁመቱን በግምት ወስዶ የቀረውን ማስላት ይቻላል። ከዚያ ሕንፃዎቹን በተራ ካርቶን ቆርጦ፣ ሳይለጠፉና ሳይቀቡ፣ ማስቀመጥ ነው። ረጅሙን ፉርጎ በአጠገባቸው አሳልፎ እንዳይነካቸው ማየትም አይረሳ።

የካርቶኑ ጥቅም ግን ከልኬት በላይ ሆኖ አገኘሁት። ጋሼ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ስም ይረሳሉ። ስለ ልጅነታቸው ስጠይቃቸው፣ “ተወው ልጄ፣ ጠፍቶብኛል” ይሉኛል። ባዶውን የካርቶን ሳጥን ፊታቸው ሳስቀምጥ ግን፣ “እዚህ አይደለም፣ ወዲህ ነው” ብለው በእጃቸው ይገፉታል። ከዚያ ወሬው ይመጣል፦ ማን ሻይ ይሸጥ እንደነበር፣ ባቡር ሲመጣ ልጆች የት እንደሚቆሙ፣ ዘበኛው ከየት በኩል እንደሚያባርራቸው። ያሉትን ሁሉ በሳጥኑ ሥር እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ የተናገሩት ከፎቶ ጋር አልተስማማም። ፎቶው ላይ ዓመት ስላልነበረው ሁለቱንም ጻፍኩ።

6. መሬቱና ተራራው

ተራራው ከጠንካራ ፎም ተቆርጦ በጀሶ ይሸፈናል። ለቀለሙ ከሰዓት በኋላ ደጅ ወጥቶ ወደ ቻርልስተን ተራራ መመልከት ይበቃል፤ ሩቁ ሁልጊዜ ከቅርቡ ይልቅ ፈዘዝና ሰማያዊ ያለ ነው።

አፈሩን ከጓሯችን ወሰድን። ቱሌ ስፕሪንግስ ያለው የቅሪተ አካል ስፍራ ቅርባችን ቢሆንም በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ከዚያ አይነካም። አፈሩ በወንፊት ይነፋል፣ ተባይ እንዳይኖረው ምድጃ ውስጥ ይሞቃል፣ ከዚያ ማግኔት ይዞርበታል፤ የብረት ብናኝ የባቡሩን ሞተር ያበላሻልና። የሚጣበቀው በውሃ በቀጠነ ነጭ ኮላ ሲሆን፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ሲጨመርበት በደንብ ይሰርጋል። ግራር ከሽቦ ይሠራል፤ አናቱ ጠፍጣፋ ይሁን። ቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ ሽንትር ባለው ካርቶን ላይ የአሉሚኒየም ወረቀት በእስክሪብቶ ተጭኖ ይወጣል።

የቬጋስ ሙቀትም አይዘንጋ። በጋ ላይ ጋራዥ ውስጥ ሀዲድ ይለጠጣል፤ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ትንሽ ክፍተት ካልተተወ ይጣመማል። የኛ በመጀመሪያው ሐምሌ ተጣሞ እንደ አዲስ ነቅለነዋል።

ዛሬ የድሬዳዋ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ላስ ቬጋስም ከ1997 ወዲህ የመንገደኛ ባቡር የላትም። በእኛ ጠረጴዛ ላይም ገና የተለጠፈ ሕንፃ የለም። ሆን ብዬ ነው ያዘገየሁት፤ ጋሼ ሳጥኖቹን እየገፉ እስካሉ ድረስ ኮላው ይቆያል።

ከእናንተ ቤትም ለገሃርን፣ አዋሽን፣ ሞጆን ወይም አዳማን የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም። ለመጀመር ባቡር አያስፈልግም። ጥቂት ካርቶን፣ መቀስና እርሳስ ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ።